ቀይዋ የፕላስቲክ አካፋ

ግሌኒስ አራተኛው ጎማ ሥር ተንበርክካ ነፋሱን ታስተነፍሳለች። አሸዋ ላይ ከመውጣት በፊት ጎማው መላላት አለበት፤ በሙሉ ነፋስ የገባ መኪና ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ይህን ሥራ አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው ባሏ ኔቪል ነበር። እሷ ጋቢና ቁጭ ብላ የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ ትጠብቀው ነበር። ዛሬ ፔርሙዙን የታቀፈው እሱ ነው።

«ስንት ደረሰ?» አላት።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስድስት አድርጊው።»

«እያደረግኩት እኮ ነው።»

«ድምፁ ወደ አሥራ ስድስት የሚሄድ አይመስልም።»

ግሌኒስ ማስተንፈሷን ቀጠለች። ኔቪል የዓይኑ መሐል ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ግን የማይገፈፍ ጭጋግ ተቀምጧል። ሰውን ቀጥ ብሎ ሲመለከት የሚታየው የሰውየው ሁለት ጆሮ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከገና በፊት «ከእንግዲህ መሪ እንዳትነካ» ካለው ወዲህ ሰውየው እሳት ላይ እንደተጣደ ነው። መቀመጥ አይችልም፣ መቆም አይችልም፣ ሌላውንም አያስቀምጥም።

ቤታቸው ናይንማይል ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጀርባ፣ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መካከል ካሉት ዘጠኝ የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። መንገድ የለውም። ወደዚያ የሚያደርሰው ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ ብቻ ነው። መንዳት ያልቻለ ሰው እዚያ አይኖርም፤ ስንቱ ወዳጃቸው ዓይኑ ወይ ጉልበቱ ሲከዳው ቤቱን ሸጦ ከተማ ገብቷል። ላለፈው አንድ ወር እነሱንም ጎረቤት እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ሲያመላልሳቸው ነው የከረመው። ዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ቀን ካደሩበት ከእህቷ ቤት ሳይወጡ፣ ኔቪል ቁርጡን ነገራት።

«ላንድክሩዘሩ ከጋራዥ ወጥቷል። ዛሬ አንቺ ነድተሽ ከገባን ገባን። ካልሆነ ሰኞ ለደላላው እደውላለሁ፣ ቤቱ ይሸጥ። የሰው ሸክም ሆኜ አልኖርም።»

«እሺ» አለች። ያንን ቤት ግን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው። ቆርቆሮው ሌሊት በነፋስ ሲንኳኳ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት፤ እህቷ ቤት ሁለቱንም ሌሊት ጣሪያ ስታይ አድራለች።

የመጨረሻውን ጎማ ጨርሳ ስትነሣ፣ ጎረቤታቸው ዳሪል ከባሕሩ በኩል እየነዳ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ልጁ ዘንድ ሊያድር ወደ ከተማ መሄዱ ነው። ጎማውን መልሶ መንፋት ጀመረ፤ ዓይኑ ግን ከግሌኒስ አልተነቀለም።

«ሹፌር ተቀየረ እንዴ?»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ ኔቪል። «እሷ መሪ ነው የምትይዝልኝ።»

«ታዲያ ሹፌሩ፣ አልረፈደባችሁም?»

«አንተ ነህ ስለ ባሕር ሰዓት የምትነግረኝ? አንተ ብስክሌት ስትገፋ እኔ የማንቆርቆሪያውን ድንጋይ በጨለማ አልፌዋለሁ።»

«እኔ ምን አገባኝ። ብቻ አካፋዋ የቤቴ በር ላይ ተሰቅላ ሰልችቷታል። ወደ እናንተ ቤት አሻግራ ማየት ጀምራለች።»

ኔቪል ፔርሙዙን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አካፋዋ ቀይ ፕላስቲክ ናት፣ ሕፃን አሸዋ የሚዝቅባት ዓይነት። በዘጠኙ ቤቶች ሕግ አሸዋ የያዘው ሹፌር በገዛ እጁ ከባለ ተራው በር አውርዶ የራሱ በር ላይ ይሰቅላታል፤ ስሙንም እጀታዋ ላይ በምስማር ይጭራል። ሌላ ሰው እስኪያዝም አትወርድም። ማንም ባያይ ሕጉ ያው ነው ይባላል፤ ማን እንደሚያከብረው አምላክ ይወቅ። ዳሪል ስሙ ሰባት ጊዜ ተጽፏል፣ አያፍርም። ኔቪል በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተሰቅላበት አታውቅም። ቤታቸው እንግዳ ከመጣ ሻዩ ሳይቀዳለት ይህን ይሰማል።

ዳሪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግሌኒስን «ተመልሼ ልከተላችሁ?» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለ ኔቪል። «ዓይኔ ነው የታመመው።»

ጋቢና ገብተው በሩን ሲዘጉ የመኪናው ሰዓት ዘጠኝ ከአሥር ይል ነበር። ግሌኒስ ሰዓቱን ደግማ አየችው። ባለፈው ሳምንት የባሕሩን መሸሻ ሰዓት ከታተመው ደብተር በወፍራም እስክሪብቶ ካርድ ላይ ገልብጣዋለች፤ አንድ ሰዓትም ጨምራበታለች። በጋ ነዋ። በበጋ መንግሥት የሰውን ሁሉ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ደብተሩ ግን የሚታተመው በድሮው ሰዓት ነው። «በበጋ አንድ ጨምር» የሚለውን የናይንማይል ልጅ ጫማ ማሰር ሳይማር ነው የሚማረው። ጠዋት ኔቪል «ለዛሬ ስንት ይላል?» ሲላት ካርዱን አይታ «ስምንት ከአምስት» አለችው። «ጥሩ» ብሎ ጢሙን መላጨት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የዓሣ ማጥመጃ ትል የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ከባለሱቁ ጋር ወሬውን ይዞ አልወጣም አለ። ሁለት ጊዜ ገብታ እጅጌውን ጎትታዋለች።

«ኔቪል፣ አሁን አላለፈም ትላለህ?»

«መሪውን አንቺ ያዢ፣ ሰዓቱን ለኔ ተዪው ብለናል አይደል? ተባብለናል። ንጂው።»

ተባብለዋል። ንጂው ብሏል፣ ነዳችው።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ እጇ መሪውን አንቆ ይዞ ነበር። አሸዋ ላይ መሪ አይታነቅም፤ ጎማው የፊተኛውን ዱካ ራሱ ያገኛል፣ ሰው የሚያስፈልገው ፈር ሲለቅ ብቻ ነው። ይህንንም ኔቪል አሥር ጊዜ ነገራት።

«ለቀቅ አድርጊው። ለቀቅ። ሦስተኛ አስገቢ። አሁን አትንኪው። ምን ሆንሽ?»

«ወፎች ናቸው።»

«ወፍ መንገዱን ያውቃል፤ ይነሣልሻል። ቤንዚኑን አትልቀቂ።»

ወፎቹ በመጨረሻዋ ሰከንድ ተነሡላት። ኔቪል ዓይኑን ጨፍኖ በመቀመጫውና በጆሮው ነው የሚነዳው። አሸዋው ሲለሰልስ ከሷ ቀድሞ ያውቃል፤ ሞተሩ ገና ድምፁን ሳያወፍር «ሁለተኛ» ይላታል፣ ትክክልም ነው። በዚያ አንጻር አብሮት መንዳት ደስ ይል ነበር፣ ለአንድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል። ግሌኒስ ራሷን ስትፈራ ነበር የከረመችው፤ አሁን ግን መኪናው ይታዘዛታል።

የማይታዘዘው ባሕሩ ነው። እርጥቡ አሸዋ እየጠበበ መጣ። ገና ስትገባ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር፤ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት፣ አሥረኛው ላይ አንድና ግማሽ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይኸኛውም በየሞገዱ አንድ ስንዝር ከፍ እያለ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና ከፍ እያለ የዳሪልን ዱካ ሲልሰው በቀኝ በኩል ታየዋለች። አንዴ ባሕሩን፣ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ኔቪልን ታያለች። ኔቪል ተረጋግቷል። ከገና ወዲህ እንዲህ ተረጋግቶ አይታው አታውቅም፤ ስለዚህ አፏን ያዘች።

«ባሕሩ የቀረበ መሰለኝ» አለች በመጨረሻ።

«ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከምዕራብ።»

«የምዕራብ ነፋስ ባሕሩን ይገፋዋል። ዝም ብሎ ነው የሚመስልሽ።»

ይሆናል አለች። አርባ ዓመት ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ለምን ይሳሳታል?

ማንቆርቆሪያው የሚሉት ከኮረብታው ወጥቶ ባሕር ውስጥ የገባ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ባሕሩ ከሸሸበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ በዚያ የሚያልፍ የለም፤ ውሃው ሥሩ ገብቶ እየተንተከተከ ይፈላል። ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሆኗል። እየፈላ ነበር።

«ደረስን?» አለ ኔቪል። «ውሃው የት ነው?»

«ድንጋዩ ሥር ገብቷል።»

«ቁሚ። ገና አሁን ነው የሸሸው። ሞገዱን ቁጠሪ፣ ከትልቁ ሞገድ ኋላ ትከተይና ታልፊያለሽ።»

ቆመች። መቆም አልነበረባትም። በረጠበ አሸዋ ላይ የቆመ መኪና ሥር እያንዳንዱ ሞገድ ሲመለስ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። አራተኛው ሞገድ መጥቶ ከመኪናው ሥር አልፎ ሲመለስ ላንድክሩዘሩ በቀኝ በኩል ወረድ ሲል ታወቃት።

«ኔቪል፣ ውሃው ጎማው ጋ ደርሷል።»

«አይደርስም።»

«እያየሁት ነው።»

ቤንዚን ሰጠች። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ዞረ፣ መኪናው ግን ወደ ታች ሄደ። ኔቪል ድምፁን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ያንን ድምፅ በሰው መኪና ነው የሚያውቀው።

«እግርሽን አንሺ።»

አነሣች። ሁለቱም ሞተሩንና ባሕሩን አዳመጡ።

«መሸሻው ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«ዘጠኝ ከአምስት። ገና አሁን አለፈ።»

«ዘጠኝን ከየት አመጣኸው?»

«ስምንት ከአምስት አልሽኝ። አንድ ጨመርኩበት። በጋ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ጨምሬበት እኮ ነው የነገርኩህ።»

በነዚያ አርባ ዓመታት ደብተሩን የሚያነበውም ኔቪል፣ የሚጨምረውም እሱ ነበር፤ ሌላ ሰው ይጨምራል ብሎ አስቦ አያውቅም። እሷም ያልተጨመረ ሰዓት ልንገረው ብላ አላሰበችም። ባሕሩ ገና አሁን የሸሸ ሳይሆን መመለስ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሆኖታል።

ሌላ ሞገድ መጥቶ በባሕሩ በኩል ያለውን የእሷን በር መታው።

«መገናኛ ሬዲዮኑን አንሺ» አለ ኔቪል፣ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ። «ጥሪያቸው። ዘጠኙም ቤት ይስማ። አበቃ። ሰኞ እደውላለሁ።»

ግሌኒስ የሬዲዮኑን ማውሪያ አነሣችው። ዛሬ ቤቶቹ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ በምርኩዝ የሚሄዱ። እስኪደርሱ ሞተሩ ባሕር ይጠጣል። ይህን ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። እያወቀ ነው ጥሪ የሚላት፤ ምክንያቱም አበቃ ማለት ከመጨነቅ ይቀላል። ያን ጊዜ ንድድ አለች። ቤቷን፣ እንቅልፏን፣ በነፋስ የሚንኳኳውን ቆርቆሮዋን፣ ይህ ሰው በአንድ ሞገድ አስረክቦ ቁጭ ሊል ነው። ማውሪያውን መልሳ ሰቀለችው።

«ውረድና ቆፍር።»

«ምን?»

«እጅህ አልታወረም። የብረቱ አካፋ ከወንበሩ ኋላ ነው። ከኋላ ጎማዎቹ በስተኋላ ቆፍር፣ እኔ ነፋስ እቀንሳለሁ።»

ወረደ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ አንዴ ሰቅጠጥ አለው፣ ከዚያ በእጁ የጎማውን ዙሪያ ዳስሶ መቆፈር ጀመረ። ወይ መቆፈር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድ ጊዜ ቀና አላለም። እሷ ከጎማ ጎማ እየሮጠች ነፋሱን ለቀቀችው።

«ስንት አደረስሽው?» አለ እየዛቀ።

«አሥር።»

«አሥር? በአሥር እኮ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል።»

«የሚወጣው መሪውን ካጠፍኩት ነው። አላጥፈውም።»

የጋቢናውን ምንጣፎች አውጥታ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቀቻቸው። ከትልቁ ሞገድ በኋላ ሪዶታ የሚባለውን የጉልበት ማርሽ አስገብታ፣ ኋላ ማርሽ፣ ቀስ ብላ በመጣችበት ዱካ ወደ ኋላ ሳበችው። መኪናው አቃሰተ፣ አንገራገረ፣ ከዚያ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ኔቪል ውሃ ውስጥ አካፋውን ይዞ ቀረ።

«ግባ» አለችው በመስኮት።

«ወዴት ነው?»

«በትልቁ ኮረብታ።»

ከማንቆርቆሪያው በስተግራ የአሸዋው ኮረብታ አለ፣ ባለ አምስት ፎቅ ቤት የሚያህል። በእሱ አናት ተሻግሮ በጀርባ በኩል ቤቶቹ ጋ መውረድ ይቻላል። ዳሪል ይሄድበታል፤ ለዚህም ነው ስሙ ሰባት ጊዜ የተጻፈው። ኔቪል ግን የቂሎች መንገድ ይለዋል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሽቅብ መሐል ላይ ሳለ መሪ አጥፎ ሦስት ጊዜ ሲገለባበጥ በዓይኑ አይቷል።

«ግሌኒስ፣ በዚያ አንሄድም። ስሚኝ። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ሽቅቡ—»

«ኔቪል፣ ዝም በል።»

አርባ ዓመት ይህን ብላው አታውቅም። አካፋውን ይዞ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ሦስተኛው ላይ ከሸፈ። መኪናው እየዛለ፣ እየዛለ ቆመ። እጇ መሪውን ሊያጥፍ ተመኘ፤ ሰው ሲፈራ ዞሮ መሸሽ ነው የሚቀናው። አላጠፈችም። ኋላ ማርሽ አስገብታ ፍሬን ሳትነካ በዚያው በወጣችበት ዱካ ቀጥ ብላ ወረደች። ኔቪል የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም።

ለሁለተኛው ከውሃው አፋፍ ድረስ ወደ ኋላ ሄዳ ተነሣች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሽቅቡ ሲጀምር እግሯን ወለሉ ድረስ። አሸዋው መስታወቱን መታው። ሞተሩ ድምፁን እያወፈረ፣ እያወፈረ መጣ፤ «ሁለተኛ መልሺ» የሚላት አልነበረም፣ ራሷ መለሰችው። ኮፈኑ ተነሣ፣ ተነሣ፣ መሬቱን ሁሉ ሸፈነው። አናቱ ላይ ለአንዲት ትንፋሽ ሁለቱም እኩል አያዩም ነበር።

«ምን ይታይሻል?» አለ ኔቪል፣ ቀስ ብሎ።

«ሰማይ።»

«እግርሽን አንሺ አሁን። መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች።»

አነሣች። አፍንጫው ዝቅ ሲል ዘጠኙ ቆርቆሮ ከታች ብልጭ አለ። ቀጥ ብላ ወረደች፤ እታች ደርሳ ሞተሩን አጠፋችው።

«ማን አየን?» አለ ኔቪል።

ዞር ዞር ብላ አየች። «ማንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከወፎቹ በቀር።»

ራሱን ነቀነቀ፣ በሩን ከፍቶ በእጁ ግድግዳ እየዳሰሰ ገባ። አላመሰገናት፣ አልወቀሳትም። ሻይ አፍልታ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከእራት በፊት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ምርኩዙን ይዞ ወጣ፣ ብዙም ቆየ። ግሌኒስ መኪናውን ከጨው ለማጠብ ጓሮ ስትወጣ ስትገባ፣ ስለ ሰኞ የሚያስብ መሰላት። እንዲያው ስትቁነጠነጥ አመሸች። ዝም በል ማለቷ ይጸጽታት ጀመር። ያን ማታ ቆርቆሮው ቢንኳኳም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ጠዋት በሩን ስትከፍት አንድ ነገር ግንባሯን መታት። ቀይዋ አካፋ ናት፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር በራቸው ላይ ተንጠልጥላለች። አውርዳ እጀታዋን አየችው። ከዳሪል ሰባተኛ ስም ሥር አንድ አዲስ ስም በምስማር ተጭሯል፤ ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል፣ መጨረሻው እጀታውን አልፎ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የሱ ስም አልነበረም። «ግሌኒስ» ይላል።

አካፋዋን ይዛ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

ከሰዓት በኋላ ዳሪል በሸሸው ባሕር ሲመለስ የገዛ በሩን ባዶ ሆኖ አገኘው። መኪናውን አላጠፋም፣ እየሮጠ መጣ።

«ጉድ ነው። ኔቪል፣ በስተርጅና ተያዝክ?»

ኔቪል በረንዳው ላይ ተቀምጦ መረብ እየዳሰሰ ይቋጥር ነበር። «እኔ ምን ነዳሁና ነው የምያዘው? ሹፌሯን ጠይቃት።»

ዳሪል የአካፋዋን እጀታ አነበበ። ሊስቅ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋውና ባርኔጣውን አነሣላት።

«ስምንት ሳልሞላ አስጣልሽኝ» አለ። «እንኳን ደህና መጣሽ።»

ሲሄድ ኔቪል መረቡን አስቀመጠ። ፊቱን ወደሷ አዞረ፤ ጆሮዋን ነው የሚያየው፣ ታውቃለች።

«ሐሙስ ሐኪሙ ቀጥሮኛል። ባሕሩ ስንት ሰዓት ነው የሚሸሸው?»

ካርዱን ከኪሷ አወጣች። «ጠዋት ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ። ጨምሬበታለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ አልነካውም።»